ሦስት ነፍስ በሦስት ቀን፦ የሠዓሊው ኤጎን ሺሌና የባለቤቱ የኤዲት ሕይወት



በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ የአንድ ኦስትሪያዊ ሠዓሊ የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ ኤጎን ሺሌ ይባላል። ሥዕሎቹ ዛሬ በቪየናና በኒው ዮርክ ታላላቅ ሙዚየሞች ተሰቅለው ይታያሉ። እኔ ግን ብዕር ያነሣሁት ስለ ሥዕል ላስተምር አይደለም። ይህን ሰው፣ ባለቤቱንና ገና ያልተወለደ ልጃቸውን በሦስት ቀን ውስጥ የወሰደው በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ስለሆነ ነው። ጉንፋን ነው፣ ይለፍሻል እየተባባልን የምንንቀው በሽታ ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲበረታ ምን እንደሚያደርግ የዚህ ቤት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም. ብዬ ለይቻለሁ።

የባቡር ጣቢያው ልጅ

ኤጎን ሺሌ ጁን 12 ቀን 1890 በዳኑብ ወንዝ ዳር በምትገኘው በትንሿ የቱልን ከተማ ተወለደ። አባቱ አዶልፍ የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ስለነበር ቤተሰቡ የሚኖረው እዚያው ጣቢያው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ልጁ እርሳስ መያዝ ከጀመረ ጀምሮ በመስኮት የሚያያቸውን ባቡሮች ይሥል ነበር።

እናቱ ማሪ ብዙ ሐዘን ያየች ሴት ናት። ትዳር ከያዘች በኋላ ሞተው የተወለዱ ልጆች ነበሯት። በሕይወት የተወለደችላት ኤልቪራ የምትባል ልጇም ገና በልጅነቷ ተቀጠፈች። አባትየው በዚያ ዘመን ፈውስ ያልነበረው የቂጥኝ በሽታ ነበረበት፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች የሕፃናቱን ሞት ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። በሽታው እየጠናበት ሄዶ አእምሮውን ካቃወሰው በኋላ 1904 ሊያልቅ ሲል ሞተ። ኤጎን ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ የአዋቂ ሰው በሽታ በማኅፀን ውስጥ ያለ ልጅ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ይህ ቤተሰብ ከኤጎን መወለድ በፊት ጀምሮ ያውቀው ነበር ማለት ነው።

ልጁ በትምህርቱ ብዙም አልነበረም፤ በሥዕል ግን የሚስተካከለው አልተገኘም። በ1906፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ የቪየና የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተቀበለው። በዓመቱ በአገሩ እጅግ የተከበረውን ሠዓሊ ጉስታቭ ክሊምትን ተዋወቀ። ክሊምት ለወጣቱ እንደ አባት ሆነው፤ ሥራ አፈላለገለት፣ ከሀብታም ሰዎች ጋር አገናኘው። ኤጎን ግን የአካዳሚውን ድርቅ ያለ ሥርዓት አልወደደውምና ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1909 ጥሎ ወጣ።

በሴቶች ክሊኒክ ውስጥ

የኤጎንን ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የያዘው የ1910 ሥራው ነው። በዚያ ዓመት ኤርቪን ፎን ግራፍ የሚባል የማኅፀን ሐኪም በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ክሊኒክ ገብቶ እንዲሥል ፈቀደለት። ወጣቱ ሠዓሊ ነፍሰ ጡሮችን፣ ሕሙማን ሴቶችንና ገና የተወለዱ ሕፃናትን ሣለ።

በዚያ ዘመን እርጉዝ ሴት በሥዕል ላይ ብዙ ጊዜ አትታይም ነበር፤ ብትታይም እንደ ቅድስት ተደርጋ፣ ፊቷ በርቶ፣ ልብሷ ተዘርግቶ ነው። ኤጎን የሣላቸው ሴቶች ግን የከበዳቸው፣ የደከማቸው፣ የሚመጣውን የማያውቁ ሴቶች ናቸው። ሕፃናቱም ቀይ፣ የተኮማተሩና ጡጫቸውን የጨበጡ ናቸው። እርግዝና ሰውነትን እስከ ዳር የሚፈትን ሥራ መሆኑን ይህ የ20 ዓመት ወጣት በዓይኑ አይቶ በወረቀት ላይ አስቀመጠው። ከስምንት ዓመት በኋላ ያው ነገር በገዛ ቤቱ እንደሚደርስበት ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ዎሊና ኤዲት

በ1911 ኤጎን ቫልቡርጋ ኖይትሲል ከምትባል ወጣት ጋር መኖር ጀመረ፤ ሰዎች ዎሊ ይሏት ነበር። በብዙ ሥዕሎቹ ላይ የምትታየው እሷ ናት። በ1912 በአንዲት ልጃገረድ ምክንያት ተከስሶ ታሰረ። ልጅቱን አስኮብልሏል የተባለው ክስ ቢወድቅም፣ ነውር ያለባቸው ሥዕሎች ሕፃናት በሚያዩበት ቦታ አስቀምጧል ተብሎ ተፈረደበት፤ በድምሩ 24 ቀን እስር ቤት ቆየ። ሰዎች ሲርቁት ከጎኑ ያልተለየችው ዎሊ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ኤጎን ሒትሲንግ በሚባለው የቪየና ሰፈር የሥራ ክፍል ተከራየ። ከመንገዱ ማዶ ሃርምስ የሚባል ቤተሰብ ይኖር ነበር። አባትየው ዮሃን ሃርምስ በቁልፍና በብረት ሥራ የኖረ ባለሙያ ሲሆን አዴለና ኤዲት የሚባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። ታናሺቱ ኤዲት በ1893 የተወለደች፣ ቤተሰቧ በሥርዓት ያሳደጋት ልጅ ናት። ኤጎን በመስኮት እያየ ይተዋወቃቸው ጀመር፤ በመጨረሻም ኤዲትን ለማግባት ቆረጠ።

ኤዲት ዎሊ ከሕይወቱ እንድትወጣ ጠየቀች። ኤጎን ዎሊን ትቶ በየዓመቱ አንድ የዕረፍት ጊዜ ከእሷ ጋር ለማሳለፍ ሐሳብ ቢያቀርብላትም ዎሊ አልተቀበለችውም። ሄዳ የጦርነት ነርስ ሆነች፤ በ1917 በገና ሰሞን በዳልማሺያ በተላላፊ በሽታ ሞተች። የሰው ቁስል ስታጥብ የሞተች ሴት ናትና ስሟን ሳልጠራ ማለፍ አልፈለግሁም።

ጫጉላ በጦርነት ውስጥ

ኤጎንና ኤዲት ጁን 17 ቀን 1915 ተጋቡ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ከተጀመረ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። ሠርጉ ካለፈ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ሙሽራው ለውትድርና ተጠርቶ ወደ ፕራግ ሄደ። ኤዲትም ተከትላው ሄደች፤ እሱ ከወታደሮች ጋር ሲሰለጥን እሷ ሆቴል ውስጥ ብቻዋን ትጠብቀው ነበር። ጫጉላቸው ይኸው ነበር።

ኤጎን ጤናው ጠንካራ ስላልነበረ ወደ ጦር ግንባር አልተላከም። የሩሲያ ምርኮኞችን ይጠብቅ ነበር፤ ቆይቶም በአንድ የምርኮኞች ካምፕ ጸሐፊ ሆኖ ሠራ። ኤዲት በተዛወረበት ሁሉ አብራው ተንከራታለች። ባልዋ እንደ ሌላው ሞዴል አድርጎ ሊሥላት ሲፈልግ የምታፍር፣ የምትሸማቀቅ ሴት ነበረች ይባላል። በ1915 በሣላት ትልቅ ሥዕል ላይ ባለ ብዙ ቀለም ሸንተረር ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን የት እንደምታደርገው የጨነቃት መስላ ቆማለች። ያን ቀሚስ ያየ ሰው ወጣትነቷን አይረሳም።

በ1917 መጀመሪያ ላይ ኤጎን ወደ ቪየና ተዛወረ። አለቆቹ ችሎታውን ስላወቁለት ለሥዕል ጊዜ ሰጡት። ባልና ሚስቱ ከተጋቡ አንድ ዓመት ተኩል አልፏቸው፣ ገና አሁን እንደ ባልና ሚስት በአንድ ከተማ ተረጋግተው መኖር ጀመሩ።

ሲሳይ የመጣበት ዓመት

1918 በሞት ጀመረ። በጥር ጉስታቭ ክሊምት በድንገት ሽባ ሆኖ ሆስፒታል ገባ፤ ፌብሩዋሪ 6 ቀን በሳንባ ምች ሞተ። ኤጎን ወደ ሬሳ ክፍሉ ሄዶ የአባት ያህል የሚያየውን ሰው ፊት ሣለ።

በማርች ወር በቪየና ትልቅ የሥዕል ትርኢት ተከፈተ። የክሊምት ቦታ ባዶ ነበርና ዋናው አዳራሽ ለኤጎን ተሰጠው። ለማስታወቂያው በሣለው ሥዕል ላይ ሠዓሊዎች በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ከኤጎን ፊት ለፊት ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። ትርኢቱ እጅግ ተሳካ። ሥራዎቹ ተሸጡ፣ ዋጋው ናረ፣ ሥዕል የሚያዝዘው በዛ። የመንግሥት ሙዚየምም የኤዲትን ሥዕል ገዛ፤ ተቀምጣ፣ ረጋ ብላ የምትታይበትን ነው። ከችግር የወጣው ወጣት በበጋው ሰፋ ያለ ቤት ተከራየ።

በዚሁ ዓመት ጸደይ ኤዲት አረገዘች።

ኤጎን በእጁ አንድ ትልቅ ሥዕል ነበረው። ራቁቱን የተቀመጠ ወንድ፣ ከፊቱ አንዲት ሴት፣ ከሴቲቱ እግር ሥር ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ይታያል። ወንዱ ራሱ ኤጎን ነው፤ ሴቲቱ ግን ኤዲት አይደለችም። የሥዕል አዋቂዎች እንደሚሉት ሕፃኑ በኋላ የተጨመረ ነው። ሥዕሉ ዛሬ ቤተሰቡ በሚል ስም ይታወቃል፤ ቪየና በሚገኘው የቤልቬዴሬ ሙዚየም ተሰቅሏል። ሕፃኑ በሸራው ላይ ተወለደ፤ በቤቱ ግን አልተወለደም።

ጥቅምት 1911 ዓ.ም.

የ1918 መኸር ሲገባ ቪየና በአራት ዓመት ጦርነት የደቀቀች ከተማ ነበረች። ዳቦ በራሽን ነው፣ የድንጋይ ከሰል የለም፣ ክፍሎች አይሞቁም። በዚህ ላይ ያን ጊዜ የስፔን ጉንፋን ይባል የነበረው ኢንፍሉዌንዛ ለሁለተኛ ጊዜ ተነሣ። በፀደይ የመጣው የመጀመሪያው ማዕበል ቀለል ያለ ነበር፤ የመኸሩ ግን ገዳይ ሆነ። በተለመደው ጊዜ ኢንፍሉዌንዛ የሚበረታው በሕፃናትና በሽማግሌዎች ላይ ነው። ያኛው ግን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን፣ ማለትም የሚያርሱትን፣ የሚወልዱትንና የሚያጠቡትን ለይቶ አጨደ።

በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ ኤዲት ታመመች። ስድስተኛ ወሯ ነበር። በሽታው ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ። ኤጎን ራሱ አስታመማት። በስምንተኛው ቀን ግድም ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤ ሕመሙ ለሕይወቷ እንደሚያሰጋ ገልጾ ለክፉው ራሱን እያዘጋጀ መሆኑን አሳወቃት። ኤዲት መናገር ስላቃታት ለባልዋ ያላትን ፍቅር በወረቀት ላይ ጫር አድርጋ ሰጠችው። እሱም በዚያው ሰሞን ትራስ ላይ ያረፈውን ፊቷን ሣለ፤ ከመጨረሻዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

ኤዲት ኦክቶበር 28 ቀን 1918፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 18 ቀን 1911 ዓ.ም.፣ በ25 ዓመቷ ልጇን በማኅፀኗ እንደያዘች ሞተች። ጫጉላዋን ባሳለፈችባት በፕራግ በዚያው ቀን አዲስ አገር ታወጀ፤ የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥታዊ ግዛት ፈራረሰ። ኤጎንም በበሽታው ተይዞ ነበር፤ የሚስቱ ቤተሰቦች ወስደው አስታመሙት። ኦክቶበር 31 ቀን በ28 ዓመቱ ሞተ። በኦስትሪያ በኩል ጦርነቱ እንዲቆም የተፈረመው ከዚያ ሦስት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 3 ነው። ባልና ሚስቱ ቪየና ውስጥ በኦበር ዛንክት ፋይት መቃብር አብረው ተቀበሩ። ሞተው የተወለዱ ልጆቿን የቀበረችው እናት ማሪ በሕይወት ነበረች።

ለምን በነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል?

ኤዲት የሞተችው ዕድሏ ስለጠመመ ብቻ አይደለም። በ1919 ጆን ሃሪስ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከየሐኪሙ ያሰባሰበውን የ1,350 ነፍሰ ጡሮች መረጃ አሳተመ። ሁሉም በዚያ ወረርሽኝ የታመሙ ናቸው። ግማሽ ያህሉ የሳንባ ምች ያዛቸው፤ ከእነዚያም ግማሽ ያህሉ ሞቱ። በጠቅላላው ከታመሙት 27 በመቶ ሞተዋል። ሕፃናቱንም ስናይ፣ ሳንባቸው ካልተነካ እናቶች መካከል እንኳ ከአራቱ የአንዷ ያህል እርግዝና ተቋርጧል፤ የሳንባ ምች ከያዛቸው መካከል ደግሞ ከግማሽ በላዩ።

ምክንያቱ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ፅንሱ ሲያድግ ማኅፀን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሳንባችን ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻም ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሳንባ እንደ ልቡ አይዘረጋም። በሌላ በኩል ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል፣ ልብም ከወትሮው በጣም አብልጣ ትሠራለች። የሰውነት መከላከያም ፅንሱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳይጣላው አሠራሩን ይለውጣል። እንግዲህ ሳንባን የሚያጠቃ በሽታ በዚህ ላይ ሲጨመር ነፍሰ ጡሯ ከሌላው ሰው ቀድማ ትንፋሽ ያጥራታል። እሷ አየር ስታጣ ልጁም ያጣል። ብርቱ ትኩሳት በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ሲሆን የፅንሱን አፈጣጠር ሊያውክ ይችላል፤ ኋላ ላይ ሲሆን ደግሞ ምጥ ያለ ጊዜው ሊያመጣ ይችላል።

ይህ የ1918 ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1957 በተነሣው ወረርሽኝ ጊዜ በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ከሞቱት በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ግማሽ የሚሆኑት ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። በ2009 አዲስ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ ሲነሣም በአሜሪካ ነፍሰ ጡሮች ከሕዝቡ አንድ በመቶ ያህል ሆነው ሳለ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሞቱት ግን አምስት በመቶውን ያዙ። በዚያው ወረርሽኝ በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት፣ በሽታው ሆስፒታል ካስገባቸው እናቶች ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 39ኙ ሞተው ተወልደዋል ወይም በመጀመሪያው ሳምንት ሞተዋል፤ በሽታው ካልያዛቸው እናቶች ግን ከ1,000ው 7 ብቻ ነበሩ። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱትም በዝተው ተገኝተዋል።

በእኛም አገር

ይህን የማነሣው የሩቅ አገር ወሬ ነው እንዳይባል ነው። ኤዲትና ኤጎን ከሞቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው በሽታ አዲስ አበባን አጠቃት። አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት እሱ ነው። በከተማዋ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ሐኪሞችም ሞቱ። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ታመው በሕይወት ከተረፉት አንዱ ናቸው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናቃጥለው፣ ኅዳር ሲታጠን የምንለው ልማድ ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። በየቤቱ የሞቱትን ነፍሰ ጡሮች ማን ቆጠራቸው? ቪየና ውስጥ የአንዷን ስም ያወቅነው ባልዋ ሠዓሊ ስለነበረ ነው።

መጥረጉ መልካም ነው። ነገር ግን ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው በሳል፣ በማስነጠስና በእጅ ንክኪ እንጂ ከቆሻሻ አይደለም። ጢሱ ደግሞ ለሚያስላት ነፍሰ ጡር ይብስባታል።

ኤዲት ያላገኘችው፣ እኛ ያለን

በ1918 ሐኪም ኤዲት አልጋ አጠገብ ቢቀመጥ ሊያደርግላት የሚችለው ጥቂት ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው በ1933 ነው። ብዙዎቹን የገደለውን ተከታይ የሳንባ ምች የሚፈውሰው ፔኒሲሊንም ገና አልተገኘም። ክትባት አልነበረም። ዛሬ ግን እነዚህ ሁሉ አሉ። ስለዚህ ለእኛ የቀረልን ፍጥነትና መተሳሰብ ነው።

አንደኛ፣ ክትባት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ነፍሰ ጡሮች ለኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቅድሚያ እንዲያገኙ መክሯል። ክትባቱ በማንኛውም የእርግዝና ወር ሊሰጥ ይችላል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ራሱ መከተብ ስለማይችል እናቱ ስትከተብ የምታካፍለው መከላከያ የእሱ ጋሻ ነው። በባንግላዴሽ በተደረገና በ2008 በታተመ ጥናት፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ የተከተቡ ሕፃናት በኢንፍሉዌንዛ የመያዛቸው ነገር በ63 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በአሜሪካና በአውሮፓ ያላችሁ እኅቶች ክትባቱ በክትትል ቀጠሮ ላይ ሲቀርብላችሁ አትለፉት። አገር ቤት እንደ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ቢሆንም ሐኪማችሁን መጠየቅ አይከፋም።

ሁለተኛ፣ ቶሎ መሄድ። ነፍሰ ጡር ሆና ድንገት ብርቱ ትኩሳት፣ ሳልና የሰውነት ቁርጥማት የያዛት ሴት ነገ ይሻለኛል ብላ አትደር። ኦሰልታሚቪር የሚባለው መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው በሽታው በጀመረ በሁለት ቀን ውስጥ ሲወሰድ ነው። ትንፋሽ ካጠራት፣ ደረቷን ከወጋት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ከፈዘዘች፣ ትኩሳቱ አልወርድ ካለ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም ምጥ መሰል ሕመም ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ አለባት።

ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ የምናደርገው። ትኩሳቱን በፓራሲታሞል ማብረድ፣ ፈሳሽ አብዝቶ መጠጣትና ማረፍ ይጠቅማሉ። እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶችን ሐኪም ሳያዝዝ መዋጥ አይገባም። ትኩስ ሻይ በዝንጅብልና በማር ጉሮሮን ያለሰልሳል፤ ጤና አዳም ግን ለነፍሰ ጡር አይመከርም። ከሁሉ በላይ የቤት መድኃኒት የሐኪምን ጊዜ እንዳይበላ እንጠንቀቅ።

አራተኛ፣ አራስ ጥየቃ። ገንፎ ሊበላ የሚሄድ ሰው ካሳለው ወይም ካስነጠሰው ሳምንት ቆይቶ ይሂድ፤ ደግነቱን በስልክ ይግለጽ። ሕፃን አይሳም፣ እጅ ሳይታጠብ አይታቀፍ። አራሷ ራሷ ከታመመች ጡት ማጥባቷን አትተው፤ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና እጇን ታጥባ ታጥባ። ወተቷ ለልጁ መድኃኒት ነው።

ለማኅበራችን ያለኝ ሐሳብ

ኤዲት ሞቅ ያለ ስም ያለው ባል፣ ከመንገድ ማዶ እናትና እኅት ነበሯት፤ የጎደላት መድኃኒቱ ነበር። ዛሬ በመካከላችን መድኃኒቱ እያለ ሰው የጎደላት ነፍሰ ጡር አትጠፋም። ብቻዋን የምትኖር፣ የታክሲ ገንዘብ የሌላት፣ ከሥራ ከቀረች ደሞዟ የሚቆረጥባት እኅት ሕመሟን ይዛ ትቀመጣለች።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። በየወሩ ስብሰባችን ላይ ነፍሰ ጡር የሆነችውን እያንዳንዷን እኅት የምትከታተል አንዲት አባል ትመደብ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ትደውልላት። ከመዋጮአችን ላይ ትንሽ ገንዘብ ለአስቸኳይ መጓጓዣና ለመድኃኒት ተለይቶ ይቀመጥ፤ ደጋፊዎቻችን ለዚህ የምትሰጡት በቀጥታ የሁለት ነፍስ መትረፊያ ይሆናል። ልጆች ያሏት ነፍሰ ጡር ስትታመም ደግሞ ልጆቹን የሚይዝላትና ምግብ የሚያደርስላት ሰው አስቀድመን እንወቅ።

የኤጎን ሺሌ ሥዕል ላይ ያለው ሕፃን መቶ ዓመት ሙሉ ከእናት እግር ሥር ሆኖ ወደ ዓለም ያያል። የእኛ ልጆች ግን ተወልደው፣ አድገው፣ እናቶቻቸው አቅፈዋቸው እንድናይ እንፈልጋለን። በዚህ ዓመት የሁለት ነፍስ ባለቤት ለሆናችሁ እኅቶቼ ሁሉ እንደ እናቶቻችን እመርቃለሁ፤ በሽልም ይውጣላችሁ፣ በሰላም ተገላገሉ።